ሠንጠረዡ በማን ላይ ተለካ? በሳይንስ ትምህርት ስለ ፍትሕ ለቀረበ ተቃውሞ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በሳይንስ ትምህርት ውስጥ ሂሳዊ ፔዳጎጂ፣ ማለትም ተማሪ የሚማረውን ዕውቀት ከማን ጥቅምና ከማን ሥልጣን ጋር እንደተያያዘ እየጠየቀ እንዲማር የሚያደርግ የማስተማር አስተሳሰብ፣ ቦታ ሊኖረው አይገባም ብሎ የሚከራከር አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ አነበብሁ። ጸሐፊው ጉዳያቸውን በጨዋ አንደበት ያቀረቡ፣ ለሳይንስም ለተማሪም ተቆርቋሪ መሆናቸው ከቃላቸው የሚታይ ሰው በመሆናቸው በቅጡ የታሰበበት መልስ ይገባቸዋል። መከራከሪያቸው ባጭሩ ይህ ነው፦ የተፈጥሮ ሕግ ለሀብታምም ለድኻም አንድ ስለሆነ በሳይንስ ክፍል ስለ ማኅበራዊ ፍትሕ ማንሣት ከትምህርቱ መውጣት ነው፤ ፖለቲካ እጁን ባስገባ ቁጥር ሳይንስ ተበላሽቷል፤ ስለ ፍትሕ የሚደረገው ውይይት ከይዘት ላይ ሰዓት ስለሚቆርስ የሚጎዳው ራሱ ድኻው ተማሪ ነው፤ አገር በቀል ዕውቀትን በክፍል ማክበር ማስረጃን ከአፈ ታሪክ ጋር ማስተካከል ነው፤ ፍትሕ ማለት ሁሉንም በአንድ ፈተና መመዘን ነው፤ የቀረው ለታሪክ መምህሩ ይተው። እኔ የፊዚክስ መምህር እንደመሆኔ እያንዳንዱን ነጥብ ከክፍሌ ሆኜ ነው የማየው።

አስቀድሞ የምንከራከርበት ቃል ይጥራ። ሂሳዊ ፔዳጎጂ የሚባለው አስተሳሰብ ይበልጥ የሚታወቀው በብራዚላዊው መምህር በፓውሎ ፍሬሬ (1921–1997) ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው። ፍሬሬ የተቃወመው መምህሩ ገንዘብ አስቀማጭ፣ ተማሪው ደግሞ ባዶ ካዝና ተደርጎ የሚታይበትን ትምህርት ሲሆን፣ ጸሐፊው ይህን ተቃውሞ ዕውቀትን እንደ መናቅ ወስደውታል። ፍሬሬ በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል በምትገኘው አንጂኮስ 300 ያህል የጉልበት ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ገደማ ማንበብና መጻፍ ለማስተማር ሲነሣ የተከተለው ዘዴ ግን እንዲህ ያለ ንቀት አይታይበትም። ከሠራተኞቹ ኑሮ የተመረጠ አንድ ቃል፣ ለምሳሌ በፖርቱጋልኛ ጡብ ማለት የሆነው «ቲጆሉ»፣ ይቀርብላቸዋል፤ ጡቡን የሚሠራው ማን እንደሆነ፣ በጡብ ቤት የሚኖረውስ ማን እንደሆነ ይነጋገሩበታል፤ ከዚያም ቃሉ ይበተንና ታ፣ ቴ፣ ቲ፣ ቶ፣ ቱ እየተባለ ይቆጠራል። ፊደል ለቆጠረ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ውይይቱ የፊደሉን ቆጠራ አላስቀረውም፤ ሰውየው ፊደሉን ለመቁጠር ምክንያት እንዲያገኝ ነው ያደረገው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልለፍ። የተፈጥሮ ሕግ አያዳላም የሚለው አነጋገር እውነት ነው፤ በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አንዳች ልዩነት የለኝም። ልዩነታችን የሚጀምረው ከሕጉ ወደ መሣሪያው፣ ከመሣሪያውም ወደ ታማሚው ስንሻገር ነው። ጣት ላይ የምትቆነጠጠውን የኦክስጅን መለኪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትርን እንይ። መሣሪያዋ ከአንድ ወገን 660 ናኖሜትር የሆነ ቀይ ብርሃንና 940 ናኖሜትር የሆነ ኢንፍራሬድ ትልክና ጣቱን አልፎ የመጣውን በሌላው ወገን ትቀበላለች። ኦክስጅን የያዘ ሄሞግሎቢን ኢንፍራሬዱን፣ ኦክስጅን ያጣው ደግሞ ቀዩን አብልጦ ስለሚመጥጥ፣ ከሁለቱ ጥምርታ ተነሥታ በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በመቶኛ ታሳያለች። እስከዚህ ድረስ ንጹሕ ፊዚክስ ነው፤ ተማሪዎቼም ጣታቸውን እየሰጡ ቁጥሩ ሲወጣና ሲወርድ ማየት በጣም ይወዳሉ። ነገር ግን ጥምርታውን ወደ መቶኛ የሚመልሰው ሠንጠረዥ ከተፈጥሮ ሕግ በቀጥታ የሚወጣ አይደለም። የተሠራው በፈቃደኛ ሰዎች ላይ እየተለካ ሲሆን፣ ፈቃደኞቹ በአብዛኛው ቆዳቸው ነጣ ያለ ነበር። ቆዳን የሚያጠቁረው ሜላኒንም ብርሃን ይመጥጣል።

በ2020 መጨረሻ በአሜሪካ የወጣ ጥናት መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ የሚል ንባብ የሰጠባቸውን ጊዜያት ወስዶ በዚያው ሰዓት ከደም ቧንቧ በቀጥታ ከተቀዳ ደም ጋር አመሳከረ። እውነተኛው መጠን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጭ ታማሚዎች ዘንድ ከልኬቶቹ 3.6 በመቶ፣ በጥቁር ታማሚዎች ዘንድ ግን 11.7 በመቶ ላይ ነበር። ይህም ማለት መሣሪያው «ደህና ነህ» እያለው አየር ያጠረው ሰው በአንደኛው ወገን ሦስት እጥፍ ያህል በዝቷል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ግን በቆዳ ቀለም የተነሣ ንባቡ እንደሚዛባ በ1990 የታተመ ጥናት አስቀድሞ ጠቁሞ የነበረ መሆኑ ነው። ሰላሳ ዓመት ሙሉ መሣሪያው በየሆስፒታሉ ሲሠራ ኖሯል።

ይህን በክፍል ሳቀርብ አንዲት ተማሪ «ሠንጠረዡ በማን ላይ ተለካ?» ብላ ጠየቀችኝ። ይህ ጥያቄ የፍትሕ ነው ወይስ የሳይንስ? ጸሐፊው ከሁለቱ አንዱን እንድንመርጥ ይፈልጋሉ፤ እኔ ግን መምረጥ አልችልም። ናሙናው ማንን ይወክላል ብሎ መጠየቅ ከልኬት ትምህርት የመጀመሪያው ምዕራፍ ነው፤ ጥያቄው በጊዜው በቁም ነገር ተወስዶ ቢሆን ኖሮም ይድኑ የነበሩት እነማን እንደሆኑ የታወቀ ነው። ፍትሑን ያጎደለው የልኬቱ ጉድለት ነው፤ ያንን ጉድለት ለማየት ደግሞ ፊዚክሱን ማወቅ ግድ ይላል።

የሳይንስ መማሪያ መጽሐፍ ለራሱ ሲተው ገለልተኛ ይሆናል የሚለውንም ታሪክ አይደግፈውም። በ1925 በአሜሪካዋ ቴነሲ ግዛት መምህሩ ጆን ስኮፕስ ዝግመተ ለውጥን በማስተማሩ ሲከሰስ በክፍል ይገለገልበት የነበረው በ1914 የታተመ የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ነበር። ያ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ሳይንስና ሃይማኖት ግጭት ነው፤ ዘወትር የማይነገረው ግን መጽሐፉ የሰውን ልጅ በአምስት ዘር ከፍሎ ነጩን ከሁሉ በላይ ያስቀመጠ፣ ዩጀኒክስንም፣ ማለትም «የተሻለ ዘር» የማራባትን ሐሳብ፣ እንደ ተራ ትምህርት ያቀረበ መሆኑ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰውን ያለ ፈቃዱ ማምከን ሕጋዊ ነው ብሎ ወሰነ፤ በዚያች አገር በዚህ መንገድ የመከኑት ሰዎች ከ60,000 በላይ ናቸው። እነዚያን ገጾች በጊዜው ፖለቲካ ብሎ የጠራቸው መምህር ጥቂት ነው፤ የተማሩት እንደ ሳይንስ ነው። መጽሐፉን «ይህ በምን ማስረጃ ተባለ? የሚጠቀምበትስ ማን ነው?» ብሎ የሚመረምር ተማሪ በየክፍሉ ቢኖር ለሳይንስ ጠበቃ ይሆነው ነበር።

ሁለተኛው ነጥብ ጄኔቲክስን ክዶ በመንግሥት ድጋፍ የነገሠውን የሶቪየት የእርሻ ተመራማሪ ትሮፊም ሊሴንኮን የሚጠራ ነው። ጸሐፊው በሶቪየት ኅብረት ፖለቲካ በሥነ ሕይወት ላይ ያደረሰውን ጥፋት ማስታወሳቸው ተገቢ ነው። ታላቁ የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1940 ታሥሮ በ1943 በእስር ቤት ሞተ፤ በኦገስት 1948 ደግሞ የጄኔቲክስ ትምህርት በመንግሥት ውሳኔ ተዘጋ። ነገር ግን በዚያ ታሪክ ውስጥ የጎደለው ምንድን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ የጎደለው የመጠየቅ መብት ነው። ሊሴንኮ ያሸነፈው ሥልጣን የያዘው አካል ማን ሊጠየቅ እንደሚችልና ማን እንደማይችል ስለወሰነ ነው። ተማሪ መማሪያ መጽሐፉንም፣ መምህሩንም፣ ባለሥልጣኑንም በማስረጃ እንዲሞግት የሚያሠለጥን ትምህርት ከሊሴንኮ ጋር አንድ መደብ ላይ ሊቀመጥ አይችልም።

በዚሁ ነጥብ ሥር ጸሐፊው መምህሩ ሰባኪ ይሆናል ብለው ይሰጋሉ። ስጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ተማሪ ማስረጃውን በትክክል ተንትኖ ከመምህሩ የተለየ አቋም ላይ ስለደረሰ ነጥብ የሚቀነስበት ክፍል አይቻለሁ፤ ያ በደል ነው፤ ፍትሕ የሚል ስም ስለተለጠፈበትም በደልነቱ አይቀርም። ፍሬሬ የታገለው ካዝና የመሙላት ትምህርትም ይኸው ነው፤ የሚቀመጠው ገንዘብ ብቻ ነው የተለወጠው።

ሦስተኛው ነጥብ የጽሑፉ ብርቱ ክፍል ሲሆን፣ ብዙዎቹ የሂሳዊ ፔዳጎጂ ደጋፊዎችም በቅጡ የማይመልሱት ነው። የክፍል ሰዓት የተቆጠረ ነው ይላሉ ጸሐፊው፤ መምህሩ በግልጽ ያላስተማረውን የተማረ ወላጅ ያለው ልጅ እቤቱ ያገኘዋል፣ የሌለው ግን እንዳጣው ይቀራል። ይህን የሚደግፍ ማስረጃ አለ። የትምህርት ተመራማሪዎቹ ኪርሽነር፣ ስዌለርና ክላርክ በ2006 ባሳተሙት ጽሑፍ ጀማሪ ተማሪን ያለ በቂ መመሪያ «ራስህ ድረስበት» ማለት ውስን የሆነውን የአእምሮውን የመያዝ አቅም አጨናንቆ ትምህርቱን እንደሚያስቀርበት አስረድተዋል። ፒሳ በሚባለው ዓለም አቀፍ ምዘና በ2015 በተገኘው የሳይንስ ውጤትም በአብዛኞቹ አገሮች መምህሩ በቀጥታ የሚያስረዳላቸው ተማሪዎች ከፍ ያለ፣ በራስ ምርመራ ላይ ያመዘነ ትምህርት የሚያዘወትሩት ደግሞ ዝቅ ያለ ነጥብ ይዘው ታይተዋል። እኔም በጀማሪነቴ ዘመን ተማሪዎቼን ሽቦና አምፖል ሰጥቼ የኦምን ሕግ ራሳቸው እንዲደርሱበት ብዬ ሁለት ሳምንት አባክኛለሁ፤ ደረሱበት የተባሉት አስቀድመው የሚያውቁት ልጆች ነበሩ።

ሆኖም ጸሐፊው ሁለት ነገሮችን ደባልቀዋል። ያለ መመሪያ ማስተማር አንድ ነገር ነው፤ ሂሳዊ ፔዳጎጂ ሌላ። አፍሪካ አሜሪካዊቷ የትምህርት ምሁር ሊሳ ዴልፒት በ1988 ባሳተመችው ጽሑፍ የጸሐፊውን ስጋት ራሱን ያነሣችው ለፍትሕ ከሚታገሉት ወገን ቆማ ነው። ባለ ሥልጣኑ የኅብረተሰብ ክፍል የሚገለገልበት የአነጋገርና የአጻጻፍ ሥርዓት ከዚያ ክፍል ውጭ ላለው ልጅ በግልጽ ሊነገረው ይገባል፤ አለዚያ በነጻነት ስም በሩ ይዘጋበታል አለች። ስለዚህ በግልጽ ማስተማር የፍትሕ ተቃራኒ ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ እኩልታውን፣ የመለኪያ አሐዱን፣ የዘገባ አጻጻፉን በግልጽ ያላስተማረ መምህር ስለ ጭቆና ምንም ያህል ቢናገር ተማሪውን አልጠቀመውም።

የቀረው ጥያቄ ይዘቱ በምን ላይ ሆኖ ይማር የሚለው ነው። እዚህ ላይ የፍሊንት ከተማን የውሃ ቀውስ በዝርዝር ላንሣ። በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ያለችው ይህች ከተማ በዚያ ጊዜ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር፣ ከአሥሩም አራቱ ያህል ከድኅነት ወለል በታች የሚኖር ነበር። በኤፕሪል 2014፣ በግዛቱ መንግሥት በተሾመ አስተዳዳሪ ሥር ሳለች፣ ወጪ ለመቆጠብ ተብሎ ውሃዋ ከዲትሮይት መገዛቱ ቀርቶ ከፍሊንት ወንዝ መቀዳት ጀመረ። የዲትሮይቱ ውሃ ፎስፌት ይጨመርበት ነበር፤ ፎስፌቱም ሌድ ከሚባለው መርዛማ ብረት ከእርሳስ ጋር ተዋሕዶ በውሃ የማይሟሟ ስስ ሽፋን እየሆነ የእርሳስ ቧንቧውን ከውስጥ ይለብጠው ነበር። በወንዙ ውሃ ላይ ፎስፌት አልተጨመረም፤ ብረት የሚበላው ክሎራይድም ከቀድሞው እጅግ የበዛ ነበር። ሽፋኑ እየተበላ እርሳሱ ወደ ብርጭቆ ወረደ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ውሃው የሞተር ዕቃ ስላዛገበት መጠቀሙን አቆመ፤ ሕዝቡ ግን አንድ ዓመት ያህል ተጨማሪ ጠጣው። የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሐና አቲሻ በሴፕቴምበር 2015 በደማቸው ከፍ ያለ እርሳስ የተገኘባቸው ሕፃናት ድርሻ ከ2.4 ወደ 4.9 በመቶ ማደጉን ስታሳውቅ ባለሥልጣናት መጀመሪያ አጣጣሉት፤ በኦክቶበር ከተማዋ ወደ ዲትሮይት ውሃ ተመለሰች።

አሁን ይህን ለመረዳት ተማሪው ምን ማወቅ እንዳለበት ይቆጠር። ስለ አዮኖች፣ ስለ ሟሚነት፣ ስለ ኦክሲዴሽን፣ ለምን የእርሳስ ፎስፌት እንደማይሟሟና የእርሳስ ክሎራይድ ከእሱ ይልቅ እንደሚሟሟ ማወቅ አለበት። በውሃ ውስጥ ላለ እርሳስ በጊዜው የነበረው፣ በቢሊዮን 15 እጅ የሚለው የአሜሪካ ወሰን ምን ማለት እንደሆነ ማስላት አለበት። ያ ወሰን የሚመዘነው በ90ኛው ፐርሰንታይል፣ ማለትም ከናሙናዎቹ ዘጠና በመቶው በማይበልጡት ቁጥር፣ ስለሆነ ፐርሰንታይል ማውጣትም ይጠበቅበታል፤ በፍሊንት ከተሰበሰቡት 71 ናሙናዎች ሁለቱ ከስሌቱ እንዲወጡ ተደርጎ ውጤቱ ከወሰኑ በታች መውረዱን ሲማር ደግሞ ሁለት ቁጥር ብቻ ማንሣት የከተማን ዕጣ እንዴት እንደሚለውጥ በገዛ እጁ አስልቶ ያየዋል። ከይዘት ተቆረሰ የተባለው ሰዓት የት ሄደ? እኔ የማየው የአንድ ሙሉ የኬሚስትሪ ምዕራፍና የግማሽ ስታትስቲክስ ምዕራፍ ይዘት ነው። ተማሪው መሠረቱን አስቀድሞ በግልጽ ይማር፤ ከዚያ በኋላ ግን ስም በሌለው ጨውና ስም በሌለው ማሰሮ ላይ ብቻ እንዲለማመድ የሚያስገድድ ምንም የሳይንስ ሕግ የለም።

አራተኛው፣ ስለ አገር በቀል ዕውቀት። ዕውቀት ሁሉ እኩል ነው፣ ማንም ማንንም አይመዝንም የሚል ሰው ካለ ጸሐፊው ትክክል ናቸው፤ እኔም ከጎናቸው እቆማለሁ። ነገር ግን ማክበር ማለት አለመመርመር አይደለም። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ በ1969 የወባ መድኃኒት የሚፈልግ ቡድን እንድትመራ ስትሾም፣ ቡድኑ ከ200 ገደማ ዕፅዋት 380 ያህል ጭማቂዎች እያወጣ በአይጦች ላይ ሞከረ፤ ቺንግሃው የሚባለው ተክል አንዴ ተስፋ እየሰጠ አንዴ እየከሸፈ አስቸገረ። በዚህ ጊዜ በ4ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ቻይናዊ ሐኪም ጌ ሆንግ የጻፈውን ደግማ አነበበች፤ ተክሉን በውሃ ዘፍዝፎ፣ ጨምቆ መጠጣት ነው የሚለው፤ ማፍላት የሚል ቃል የለበትም። መድኃኒቱን የሚያጠፋው ሙቀቱ ይሆን ብላ በ35 ዲግሪ ገደማ በሚፈላ ኤተር አወጣችው፤ በኦክቶበር 1971 የተገኘው ናሙና በአይጦቹ ደም ያለውን የወባ ተውሳክ ሙሉ በሙሉ አጠፋ። አርቴሚሲኒን የተገኘው በዚህ መንገድ ነው፤ እሷም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተቀበለች። ጥንታዊውን ጽሑፍ ያለ ምርመራ ብትቀበለው መድኃኒት አይወጣም ነበር፤ ተረት ነው ብላ ብትተወውም አይወጣም ነበር።

በ1721 ቦስተን በፈንጣጣ ስትመታ የሆነውም ተመሳሳይ ነው። በባርነት ይኖር የነበረው አፍሪካዊ ኦኔሲመስ ከታማሚ ቁስል ጥቂት መግል ወስዶ ጤነኛውን ሰው መብጣት በአገሩ የታወቀ መከላከያ መሆኑን ለጌታው ለሰባኪው ለኮተን ማዘር ነግሮት ነበር። በርካታ ሐኪሞች የባሪያ ወሬ ብለው ናቁት። ሲቆጠር በተፈጥሮ ከታመሙት 14 በመቶ ያህሉ፣ ከተበጡት ግን 2 በመቶ ያህሉ ሞቱ። ማስረጃውን ለማየት ዘግይተው የነበሩት ምስክሩን በቆዳው የመዘኑት ናቸው።

አምስተኛውን ባጭሩ ላንሣው። አንድ ፈተና ለሁሉም መስጠት እኔም የምደግፈው ነገር ነው፤ ፈተና ግን የሚመዝነው ተማሪው እስከዚያ ቀን ያገኘውን ትምህርት ጭምር ነው። በ2020 የታተመ፣ በኮሌጅ የሳይንስና የሒሳብ ኮርሶች ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ያጠናቀረ ሥራ፣ መምህሩ ከንግግር ብቻ ወጥቶ ተማሪዎቹን በጥያቄና በችግር መፍታት በሚያሳትፍበት ክፍል፣ ዕድል ተነፍገው በኖሩት ተማሪዎችና በሌሎቹ መካከል ያለው የፈተና ነጥብ ልዩነት በ33 በመቶ፣ የማለፍ ልዩነቱ ደግሞ በ45 በመቶ መጥበቡን አሳይቷል። ኮርሱ ያው፣ መመዘኛውም ያው ሆኖ ልዩነቱ በማስተማር ዘዴው ብቻ የሚጠብ ከሆነ፣ ቀድሞ የነበረው ልዩነት በሙሉ የተማሪዎቹ ድክመት ነበር ማለት አይቻልም።

በመጨረሻ ጸሐፊው ይህ ሁሉ ለታሪክ መምህሩ ይተው ይላሉ። የታሪክ መምህሩ ከእኔ የተሻለ የሚያስተምረው ብዙ ነገር አለ። ነገር ግን ሐኪሞች የኩላሊትን የማጣራት አቅም በደም ውስጥ ካለው ክሬቲኒን ለመገመት በ2009 የተቀመረውን ቀመር እንመልከት። ታማሚው ጥቁር ከሆነ ውጤቱ በ1.159 እንዲባዛ ያዝ ነበር። ሲባዛ ኩላሊቱ ከሌላው ሰው የተሻለ መስሎ ይታያል፤ በዚህም ለንቅለ ተከላ ወረፋ የሚያበቃው ቁጥር ላይ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። በ2021 ይህ ማባዣ የሌለበት አዲስ ቀመር ወጣ። ተማሪ 1.159 የሚለውን ቁጥር በሰሌዳው ላይ አይቶ «ይህ ለምን እዚህ ገባ?» ብሎ እጁን ሲያነሣ፣ ክሬቲኒን ከጡንቻ እንደሚመነጭ፣ ቀመር በስታትስቲክስ እንዴት እንደሚገጠም፣ «ዘር» የሚለው ምድብ በመረጃ ሠንጠረዥ ውስጥ ምን ተክቶ እንደገባ የሚያስረዳው የሳይንስ መምህሩ ነው። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ለዚህ ተማሪ የሚሰጡትን መልስ፣ እጁን ያነሣበትን ክፍል ሳያስቀይሩት፣ እንዲያሳዩን በአክብሮት እጠብቃለሁ።